የቱ ነው የሞተው?

ፎቶ አንሺዋ ጠዋት ስቱዲዮዋን ስትከፍት ኮምፒውተሩ ያቃስታል። የአሥር ዓመት የሠርግ ፎቶ ያለው እሱ ውስጥ ነው። ደግነቱ ሁለት ዲስኮች አሉት፤ አንዱ ላይ የተጻፈው ሁሉ ሌላውም ላይ ይጻፋል። ስክሪኑ ታዲያ አንደኛው መሞቱን አረዳት።

ጡረታ የወጡት ሬዲዮ ጠጋኝ አባቷ መነጽራቸውን አጥልቀው ከተፍ አሉ።

«የቱ ነው የሞተው?»

«የግራው ይመስለኛል፣ አባዬ።»

«ይመስለኛል ብሎ ነገር የለም! ደህናውን ነቅለሽ ብትጥዪስ?»

እውነታቸውን ነው። የሟቹን መለያ ቁጥር ከስክሪኑ ወረቀት ላይ ገልብጣ ኮምፒውተሩን አጠፋችና ሽፋኑን ከፈተች። አባቷ ዲስኮቹ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አንድ በአንድ አመሳከሩ።

«የቀኙ ነው!»

ለጥቂት ነው ከጉድ የተረፈችው።

አዲስ ዲስክ ተገዝቶ በሟቹ ቦታ ገባ፤ ደህናውም ያለውን ሁሉ ይገለብጥለት ጀመር። አባቷ ወንበር ስበው እንደ አስታማሚ አጠገቡ ተቀመጡ። አንዲት ሙሽራ ገብታ «ፎቶዬ ደረሰ?» ብትል፣ «ቀስ ብለሽ አውሪ፣ ልጄ! ገና ሰማንያ ሦስት ከመቶ ነሽ» አሏት።

መቶ ሲሞላ አባትና ልጅ ተቃቅፈው ዘለሉ። አባት ወገባቸውን ይዘው ቀሩ።