ከአገልጋዮች ወገን አንድ ሰው

ደብራችን የትምህርተ ሃይማኖት ኮሚቴ ሊያቋቁም ተሰብስበናል። ማይክ የያዘ ሁሉ ያሻውን የሚሰብክበት ዘመን ስለሆነ፣ በዐውደ ምሕረት የሚነገረውን የሚመረምር ሰው ያስፈልጋል ተባለ። አንዱ መኪና ያለውን ሰው ጠቆመ፣ ሌላው ድምፁ የሚያምረውን። መኪና ለሃይማኖት ምን ይሠራል? 

በመጨረሻ ከአገልጋዮች ወገን አንድ ቦታ ቀረ። አስተዳዳሪው አባ ጸጋይ ወደ እኔ ዞሩ።

«ወይዘሮ የሺዓለም፣ ዲያቆን ዘገዬን እርስዎ ያውቁታል። ይሆናል ይላሉ?»

ማወቅስ አውቀዋለሁ። ፒያሳ ሰዓት ይጠግናል። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ፣ አመሻሽ ላይ ሱቁን ሲዘጋ እስከ አፍንጮ በር አብረን እንሄዳለን። እኔም ባሌን ቀብሬአለሁ። ባለፈው ሳምንት ኬክ ቤት ቁጭ ብለን፣ ማኪያቶውን እስኪቀዘቅዝ ሲያማስል ቆየና «እሺ ካልሽኝ ዲቁናዬን እተዋለሁ» አለኝ። ዲያቆን ሁለተኛ ሚስት ካገባ መቅደስ ገብቶ አያገለግልም። እስካሁን መልስ አልሰጠሁትም።

እሺ ልለው ነበር። እግዜር ያውቃል፣ ቤቴ ውስጥ የሰው ኮቴ ናፍቆኛል፤ የማንም ሳይሆን የሱ። ይህ ቦታ ግን የአገልጋይ ነው፤ ከያዘው ዲቁናውን አይለቅም፤ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም።

«አይሆንም» ብል ማንም ለምን አይለኝም። ግን ጎረቤቴ አክበረት ልጇ የሞተባት ጊዜ፣ አንድ ሰባኪ «በኃጢአትሽ ነው» ብሎ ሰብሯት ነበር። እህል አልቀምስም አለች። ዘገዬ አጠገቧ ተቀምጦ፣ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው፣ በማንም ኃጢአት እንዳልሆነ የተጻፈውን ሲያነብላትና ሲያስረዳት ዋለ። ማታ ላይ ሾርባ ለመነችኝ። ከተጠቆሙት ውስጥ ይህን የሚያደርግ ሌላ ሰው አላየሁም።

«ይሆናል» አልኩ። «እሱ ይሁን።»

ከግቢ አስጠሩት። «እሱ ይሁን» ያልኩት እኔ መሆኔን አባ ጸጋይ ሲነግሩት ቀና ብሎ አየኝ። መልሴ ይሄ መሆኑ ገባው።

«ወይዘሮ የሺዓለም፣ ከልብዎ ነው?» አለኝ።

ሰዎቹ ለወጉ የጠየቀ መስሏቸው ፈገግ አሉ። ሮጬ እጁን ይዤ ብወጣ ደስ ባለኝ።

«ከልቤ ነው» ብዬ፣ ሃይማኖት ሊጠብቁ በተሰበሰቡ ሰዎች ፊት ዋሸሁ።