ከአንሶላው ውጭ

የኔአለም እናቷን የምታውቃት በእጇ ብቻ ነው። ጥሩነሽ የሞተችው ልጇ ዳዴ ሳትል ነበር፤ ፎቶ የሚባል ነገር አልተነሣችም። የቀረው አንድ ፈረንጅ መንገድ ሠሪ በየኔአለም ክርስትና ዕለት ሮብ ገበያ በምትባል ትንሽ ከተማ ያነሣው አጭር ፊልም ነው። ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመት፣ እሷ ቁይ ከተማ ስታስተምር፣ አባቷ መሪጌታ ገብረ ኪዳን የፊልሙን ጥቅልል ደብረ ማርቆስ ቪዲዮ ቤት ወስደው ወደ ካሴት አስቀዱት። ካሴቱ ላይ ቄሱ አሉ፣ ድግሱ አለ፤ ከጫፍ በኩል ደግሞ ሕፃኗን ለክርስትና እናቷ የሚያቀብል አንድ እጅ ብቅ ይልና ይጠፋል። በቃ።

ብዙም ሳይቆይ የመሪጌታ ዓይን ጠፋ። በየዓመት በዓሉ ካሴቱ ሲከፈት ታዲያ ፊታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙረው፣ «ጥሩነሽ ወጣች?» ይላሉ።

«ወጣች፣ አባዬ» ትላቸዋለች። ምን ትበላቸው? ሆዳቸው እንዳይባባ ብላ ነው።

በሁለት ሺህ አምስት ዓ.ም. የቪዲዮ ቤቱ ጌቱ ምስል የሚያተልቅና የሚያጠራ የኮምፒውተር ፕሮግራም አገኘ፤ ወሬው ሁሉ እሱ ሆነ። ካሴቱን ተቀብሎ ሠራና ራሱ ቤት ድረስ ይዞት መጣ። እውነትም ጠርቷል፤ ከመጥራቱ ብዛት ቄሱ ፊታቸውን ቅቤ የተቀቡ መስለዋል። እጁም ተልቋል። ግን ያው እጅ ነው፤ ኮምፒውተሩ ያላየውን ፊት ከየት ያምጣ?

«ጥሩነሽ ወጣች?» አሉ መሪጌታ።

የኔአለም ሆድ ባሳት። «እጇ ብቻ ነው፣ አባዬ! ሁልጊዜም እጇ ብቻ ነው!»

መሪጌታ ክው አሉ። «ምን ማለትሽ ነው? ፊልሙን አንሶላ ላይ አብርተው በካሜራ ሲቀዱት እኔ እዚያው ነበርኩ። አንሶላው ለምስሉ ጠቦ እሷ ከአንሶላው ውጭ ግድግዳው ላይ ስታርፍ በዓይኔ አይቻታለሁ። ካሜራው እሷንም የወሰዳት መስሎኝ!»

ጌቱ ጭንቅላቱን ያዘ። «ለካ እኔ ሳጠራ የከረምኩት አንሶላውን ነው! ፊቷ ያለው ዋናው ፊልም ላይ ነዋ። የኔታ፣ ጥቅልሉ አለ?»

ከመጻሕፍቱ ሣጥን ሥር በጨርቅ ተጠቅልሎ ተገኘ፤ ፊልሙ ከማርጀቱ የተነሣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ፊልሙን ከነዳሩ ምስል በምስል የሚያነሣ ማሽን ያለው አዲስ አበባ ነበርና ጌቱ ራሱ ይዞት ሄደ። ቢበጠስ ሌላ የለም።

አዲሱ ቅጂ ጭረት በጭረት ነው፤ እንደ ፊተኛው አላማረም። ግን ወደ ዳር ሰፍቷል። ከእጁ ቀጥሎ ክንድ መጣ፣ ከክንዱ በላይ ነጠላ፣ ከነጠላው በላይ ፊት። ጌቱ እዚያ ላይ አቆመላት። የኔአለም እንባዋን መቆጣጠር አቃታት፤ አርባ ዓመት ሞልቷታል፣ እናቷ ግን ገና ልጅ ናት።

መሪጌታ እጇን ፈልገው ያዙ። «አየሻት?»

«አየኋት፣ አባዬ።»

«በይ ንገሪኝ» አሉ። «መልኳ ከጠፋብኝ ቆይቷል። አንቺ ታያታለሽ እያልኩ ነበር የምጽናናው።»

የኔአለም ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋች። «ግንባሯ ሰፊ ነው» ብላ ጀመረችላቸው።