ሲስተም የለም

ሊሊሴ ዋቅወያ የኮምፒውተር ኔትወርክ ልትማር ኮሌጅ የገባችው በወለጋ ኢንተርኔት በተቋረጠበት ጊዜ ነበር። በነቀምቴ የቡርቃ ጃቶ ሰፈር ጎረቤቶቿ «ኢንተርኔት በሌለበት አገር ኢንተርኔት ልትማሪ?» እያሉ ይስቁባት ነበር። መምህራቸው ትምህርቱን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ይሥልላቸዋል፤ ከዚያ አሥር አሮጌ ኮምፒውተሮችን በገመድ አገናኝተው ይለማመዳሉ። ኮምፒውተሮቹ ከውጭው ዓለም ጋር ባይገናኙም እርስ በርሳቸው ይነጋገሩ ነበር። ሙያው የገባት እዚያ ላይ ነው። ኔትወርክ ማለት ከሁሉ አስቀድሞ ይኼኛው ክፍል ከዚያኛው ክፍል ጋር መነጋገሩ ነው።

በመጨረሻው ዓመት ለልምምድ የተመደበችው ነቀምቴ ውስጥ ባለ አንድ የግል ሆስፒታል ነበር። የኮምፒውተሩን ሥራ ብቻውን የያዘው ኦቦ ጂሩ የሚባል ዝምተኛ ሰው ነው። ስምንቱን ቀጫጭን ሽቦዎች በየቀለማቸው ደርድሮ የገመድ ጫፍ መሥራትን፣ ጣሪያ ውስጥ ተጎንብሶ መሄድን፣ የተበላሸን ነገር ከመንካት በፊት ቆሞ ማየትን ያስተማራት እሱ ነው። ሆስፒታሉ ወረቀት ከተወ ሦስት ወር ሆኖታል። ላቦራቶሪ የተጻፈው ውጤት በገመድ ሄዶ ሐኪሙ ፊት ባለው ስክሪን ላይ ይወጣል።

በአምስተኛው ወር ኦቦ ጂሩ ጠራትና «ሥራ አስኪያጁ ሊቀጥርሽ ተስማምቷል። ደብዳቤሽ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ፊርማ ነው የቀረው» አላት። ለአባቷ ስትነግረው ዋቅወያ እጁን ራሷ ላይ ጭኖ ጸለየላት። ዋቅወያ ሠላሳ ዓመት የአንደኛ ደረጃ መምህር የነበረ፣ በቀላሉ ደስ የማይለው ሰው ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ፣ ኦቦ ጂሩ ለስብሰባ ወደ ባኮ ሄዶ ሊሊሴ ብቻዋን ዋለች። ጠዋት መብራት ሁለት ጊዜ ብልጭ ብሎ ተመለሰ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በኮሪደሩ ስታልፍ የገመዶቹ ማሰባሰቢያ ሳጥን፣ ስዊች የሚሉት፣ በሩ ገርበብ ብሎ አየችው። አንድ ገመድ ተንጠልጥሏል። አንድ ሰው ነክቶት የወጣ መሰላትና ባዶ ቀዳዳ ፈልጋ ሰካችው። በሩንም ዘጋች። ከዚያ የተበላሸ ፕሪንተር ልታይ ወደ ካርድ ክፍል ወረደች።

ብዙም ሳይቆይ ከየክፍሉ ያው ቃል ይሰማ ጀመር፦ «ሲስተም የለም።» ፋርማሲው ሲስተም የለም አለ። ካርድ ክፍሉ ሲስተም የለም አለ። ሰዎች የጠዋቱን መብራት ረገሙ። ሊሊሴም መብራት ነው ብላ ወደ ዋናው ኮምፒውተር ሮጠችና አጥፍታ አስነሣችው። እስኪነሣ ሩብ ሰዓት ፈጀ። ከተነሣም በኋላ ምንም አልተለወጠም።

በዚያው ሰዓት ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ሆሳዕና የምትባል የሃያ ዓመት ወላድ ደም እየፈሰሳት ነበር። ከእናቷ ከየሺአረግ ጋር ከአንገር ጉቲን የመጡት በጭነት መኪና፣ መንገዱ እስኪከፈት ሁለት ቀን ጠብቀው ነው። ሕፃኗ በደህና ተወልዳለች፤ ደሙ ግን አልቆመም። ዶክተር ተረፋ የደም ዓይነቷን ከላቦራቶሪ እየጠበቀ ነው። የላቦራቶሪው ባለሙያ ታዲዮስ ውጤቱን ጽፎ ልኳል። ስክሪኑ ቀጥ ሲልበት ሲስተሙ ዘገየ እንጂ ውጤቱ አልደረሰም ብሎ አላሰበም፤ ወደሚቀጥለው ናሙና አለፈ። ሐኪሙ ላቦራቶሪው እስኪጨርስ ይጠብቃል፤ ላቦራቶሪው ጨርሻለሁ ብሎ ተቀምጧል። በመጨረሻ አንዲት ነርስ ደረጃውን ሮጣ ወርዳ ውጤቱን በእጇ ጽፋ ወሰደች። አርባ ደቂቃ አልፎ ነበር።

ነርሷ ስትሮጥ ሊሊሴ ስዊቹ ፊት ቆማ ነበር። መብራቶቹ በሙሉ ያለ ዕረፍት ይርገበገባሉ። ኮሌጅ የተማረችው ትዝ አላት። የአንድ ገመድ ሁለቱም ጫፎች አንድ ስዊች ላይ ከተሰኩ መልእክቱ መውጫ አጥቶ ይዞራል፤ በዞረ ቁጥር ይባዛል፤ በመጨረሻ መንገዱን ሁሉ ያጨናንቃል። ገመዶቹን አንድ በአንድ በጣቷ እየተከተለች ሄደች። ጣቷ ያረፈው ጠዋት በሰካችው ላይ ነው። የገመዱ ሌላኛው ጫፍ ዞሮ እዚያው ስዊች ላይ ሦስት ቀዳዳ አልፎ ተሰክቶ ነበር።

ነቀለችው። ወዲያው ከታች «ሲስተም መጣ!» የሚል ድምፅ ሰማች።

ሆሳዕና ተረፈች። ነገር ግን ሕይወቷን ለማትረፍ ማሕፀኗ ወጣ። በማግስቱ ሊሊሴ ዶክተር ተረፋን በኮሪደር አስቁማ ጠየቀችው።

«ዶክተር፣ ውጤቱ በጊዜው ደርሶ ቢሆን ማሕፀኗ ይተርፍ ነበር?»

«አላውቅም» አለ። ቀጥሎም «እንዳላውቅ ያደረገኝ ግን ያ አርባ ደቂቃ ነው» ብሎ አለፈ።

ኦቦ ጂሩ ከባኮ ሲመለስ ሁሉንም ነገረችው። በሩን ዘግቶ ተቀመጠ።

«ማን አየሽ?»

«ማንም።»

«ሥራ አስኪያጁ ሪፖርት ይፈልጋል። ሁሉም መብራት ነው ብሎ አምኗል። መብራት ነው ብለሽ ጻፊ። ገና ልጅ ነሽ፤ ይህ ነገር ዕድሜ ልክሽን ይከተልሻል።»

ሊሊሴ አንገቷን ደፋች። «ኦቦ ጂሩ፣ እንዲህ ዓይነት ስሕተት ሲፈጠር ስዊቹ ራሱ ገመዱን የሚዘጋበት መከላከያ አለው አይደል?»

«አለው።»

«ትናንት ሳየው አልበራም ነበር።»

መከላከያውን ማብራት የነበረበት ኦቦ ጂሩ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። ተነሥቶ በመስኮቱ ወደ ውጭ ሲያይ ቆየ።

«አንቺ ያንቺን ጻፊ» አላት ሳይዞር። «የኔን እኔ እጽፋለሁ።»

ማታ ለአባቷ ነገረችው። ዋቅወያ ሰምቶ ሲያበቃ አልገሠጻትም፤ አላጽናናትምም። «ልጆች ፈተና ላይ ሲኮርጁ ስይዝ የሚያስቆጣኝ ኩረጃው አልነበረም» አለ። «እኔ አይደለሁም ሲሉኝ ነው። ጃባዹ፣ ኢንታላ ኮ፤ በርቺ ልጄ።» ሌላ አልጨመረም።

ሪፖርቱን በሁለት ገጽ ጻፈችው። በስንት ሰዓት ምን እንደነካች፣ ዋናውን ኮምፒውተር አጥፍታ በማስነሣት ሩብ ሰዓት እንዳባከነች፣ ለማንም ሳትደውል ምን ያህል እንደቆየች አንድም ሳታስቀር አሰፈረች። በመጨረሻም ላቦራቶሪው አስቸኳይ ውጤትን በስልክም እንዲናገር፣ ገመዶቹ ሁሉ ስም እንዲለጠፍባቸው ጠየቀች። ሥራ አስኪያጁ አንብቦ ጥያቄዎቹን ተቀበለ። የቅጥር ደብዳቤዋን ግን ቀደደው። ኦቦ ጂሩ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው።

ዕቃዋን ሰብስባ ከመሄዷ በፊት ወደ ወላዶች ክፍል ወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ የሆሳዕናን ድምፅ ሰማች።

«መንገድ ላይ ጀሪካን ውኃ ያነሣሁት ነው፣ እማ። አታንሺ ብለሽኝ ነበር። በገዛ እጄ ነው።»

«ተይ ልጄዋ፤ የእግዜር ነው» ትላለች የሺአረግ።

ሊሊሴ ገባችና አልጋው እግር ሥር ቆመች። ማን እንደሆነች፣ ምን እንዳደረገች ነገረቻቸው። የሺአረግ ግራ ገብቷት «ገመድ? የምን ገመድ?» አለች። ሊሊሴ ከኪሷ ቁራጭ ገመድ አውጥታ ሁለቱን ጫፎች አጋጥማ አሳየቻት። የደሙ ወረቀት በዚህ በኩል መጥቶ እዚህ ጋ መቅረቱን አስረዳች።

«ታዲያ ለምን ነገርሽን?» አለች የሺአረግ። «ይቅር በሉኝ ልትይ ነው? እኔ ዛሬ ይቅርታ የለኝም፤ ከየት አመጣለሁ?»

«ይቅርታ ልጠይቅ አይደለም እናቴ። እሷ በራሷ ላይ ስትፈርድ ሰምቼ ነው።»

ሆሳዕና ራሷን ከትራሱ ቀና አደረገች። «ውኃ በማንሣቴ አይደለማ?»

«ደሙ ለምን እንደመጣ ሐኪሙን ጠይቂው። ውጤቱን ያዘገየሁት ግን እኔ ነኝ። አንቺ ምንም አላዘገየሽም።»

ሆሳዕና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች። የሺአረግ ሕፃኗን ወደ ደረቷ ሳብ አድርጋ «በይ አሁን ውጪልን» አለች። ሊሊሴ ወጣች።

ከዚያ ስምንት ወር ሥራ አጣች። በሁለት መሥሪያ ቤቶች ለቃለ መጠይቅ ቀርባ ነበር። ልምምድሽን ጨርሰሽ ለምን አልቀጠሩሽም ሲሏት እውነቱን ትናገራለች፤ «እንደውላለን» ይሏታል፤ አይደውሉም። ሦስተኛው ረዲ ነበር። ረዲ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ የከረመ፣ የኮምፒውተር ሱቅ ያለው፣ በየከተማው ገመድ የሚዘረጋ ነጋዴ ነው። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰምቶ ጥያቄ ጠየቃት፦

«ገመዱን ለማግኘት ስንት ደቂቃ ፈጀብሽ?»

«ከጀመርኩ በኋላ? ሦስት።»

«መጀመሪያ ብትጀምሪበት ኖሮ ሦስት ደቂቃ ነበር ማለት ነው።»

«አዎ» አለችው። ይህን ራሷ ብዙ ጊዜ አስባዋለች።

«ሰኞ ወደ ጊምቢ እንሄዳለን» አላት። «ደሞዙ ትንሽ ነው፤ ሥራው አቧራ ነው።»

አቧራ ነበር። በጊምቢ፣ በነጆ፣ በደምቢዶሎ የትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ ጣሪያዎች ውስጥ ሁለት ዓመት ገመድ ስትስብ ቆየች። መንገድ ሲዘጋ በየደረሱበት ያድራሉ። ማታ ማታ መጽሐፏን ታነባለች። የኔትወርክ ሙያ የምስክር ወረቀት ፈተና ለመፈተን አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ ተመዝግባ ሁለቱንም ጊዜ በመንገድ ምክንያት ቀረች፤ በሦስተኛው ሄዳ አለፈች። ከዚያ በኋላ ነው ጊምቢ ያለ አንድ ሆስፒታል የኔትወርክ ሥራውን ሙሉ በሙሉ የሰጣት።

ዛሬ ከኮሌጅ ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎችን የምትቀበለው እሷ ናት። ተማሪዎቹ መጀመሪያ የትኛውን የምስክር ወረቀት እንያዝ፣ ደሞዙ ስንት ነው፣ አዲስ አበባ ይሻላል ወይ እያሉ ይጠይቃሉ። የምታውቀውን ሁሉ ሳትሰስት ትነግራቸዋለች። የማክሰኞውንም ነገር ትነግራቸዋለች፤ የራሷን ስም ሳትደብቅ።

ዘንድሮ አሜን የምትባል ተማሪ «ሴትዮዋስ ከዚያ በኋላ ምን ሆነች?» ብላ ጠየቀቻት።

«ወደ አንገር ጉቲን ተመለሱ ሲሉ ሰምቻለሁ። ሕፃኗ አሁን አራት ዓመት ይሆናታል። ከዚህ በላይ አላውቅም፤ ሄጄ ለመጠየቅም መብት ያለኝ አይመስለኝም።»

ሊሊሴ የስዊቹን ክፍል ቁልፍ አንሥታ ስም የተለጠፈባቸውን ገመዶች ልታሳያቸው ተማሪዎቹን አስከትላ ሄደች።