የተሰጠው ልጅ

አልቃሿ ከድንኳኑ መሐል ቆማ ሟቹን ባላምባራስ ዓምደ ሚካኤልን ታወድሳለች።

«ፈረስ ከነዕቃው፣ ሰውን ከነልጁ፣
ሲሰጥ የማይሳሳ፣ የማይታጠፍ እጁ።»

ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ተቀበሏት። ያኔ ከበሩ አጠገብ ባዶ መሬት ላይ ከተቀመጠችው ከዲንቄ አፍ ሌላ ግጥም ወጣ።

«የሰጡት ጌታማ ስማቸው ተነሣ፣
የተሰጠው ልጄ ስሙ ለምን ተረሳ?»

ለቅሶው ቀጥ አለ። ዲንቄ በባላምባራስ ቤት ባሪያ ሆና ገብታ፣ የነጻነቱ አዋጅ ከወጣም በኋላ ከዚሁ ከቀበናው ግቢ ሳትወጣ ያረጀች ሴት ናት። ለምን እንዳልወጣች የጠየቃት አልነበረም።

የሟቹ ልጅ ኃይለ መስቀል ብድግ አለ። «ይህችን ሴት አውጡልኝ። በአባቴ ለቅሶ?»

«ተዋት» አለች እህቱ ለተጊዮርጊስ፣ ክንዱን ይዛ።

ለተጊዮርጊስ የዲንቄን ልጅ ታስታውሰዋለች። ሂርጳ ይባል ነበር። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ወንዙ ዳር አብረው ጭቃ ያቦኩ ነበር። አንድ ጠዋት አንድ እንግዳ በቅሎው ላይ አፈናጦት በእንጦጦ በኩል ይዞት ወጣ። ዲንቄ እስከ ዳገቱ ተከትላ ሮጣ፣ በአሽከሮች እየተጎተተች ተመለሰች። ለተጊዮርጊስ አባቷ ጭን ላይ ተቀምጣ ስትጠይቃቸው፣ ፀጉሯን እየዳበሱ «ሊማር ነው፤ ሲያድግ ይመጣል» አሏት። አመነቻቸው።

ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ከዲንቄ አጠገብ ተቀመጠች። ኃይለ መስቀልም ቁጣው በርዶለት መጣ።

«የበደልንሽን እንክሳለን፣ ዲንቄ። ከኮተቤው መሬት ቆርሰን በስምሽ እናደርግልሻለን።»

«መሬት ምን ያደርግልኛል፣ ጌታዬ?» አለች ቀና ሳትል። «ለማን እንደሰጡት ንገሩኝ፤ በእግሬ እሄዳለሁ። ጌቶች ‹ከዚህ ከወጣሽ፣ ሲመጣ ያጣሻል› ስላሉኝ ነው የቆየሁት።»

ሁለቱም አያውቁም። የሚያውቁት አጎታቸው ተክለጻድቅ ብቻ ነበሩ። ለተጊዮርጊስ ወደ ድንኳኑ ጀርባ ወሰደቻቸው።

«ጋሼ፣ ሂርጳ የት ነው?»

«የሟች ገመና በለቅሶው አይገለጥም፣ ልጄ።»

«የት ነው?»

ሽማግሌው በከዘራቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። «መንዝ ላለ ሰው ነበር የተሰጠው። በሄደ በዓመቱ ፈንጣጣ ገደለው።»

«አባባ ያውቁ ነበር?»

«መልእክተኛው የመጣው እሱ ዘንድ ነው። ‹ብትሰማ ትሄዳለች፣ ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል?› ብሎ ዝም አለ።»

ለተጊዮርጊስ የድንኳኑን ገመድ ያዘች። ልጆቼ የተባሉት እሷና ወንድሟ ነበሩ።

መርዶውን ራሷ ነገረቻት። ዲንቄ አልጮኸችም። «ቀብረውታል?» ብቻ አለች። ለተጊዮርጊስ ይህን አልጠየቀችም ነበር።

ወደ ሐዘንተኞቹ ፍራሽ አልተመለሰችም፤ እዚያው መሬቱ ላይ ቀረች። ከሰዓት በኋላ ከኮተቤ የመጡ አቶ ገረሱ የሚባሉ አዛውንት ገብተው እጃቸውን ዘረጉላት።

«መጀመሪያ ለእሷ» አለቻቸው። «ልጇ ሞቶባታል፤ ዛሬ ነው የተረዳችው።»

ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው ኃይለ መስቀልን አዩት። እሱ አንገቱን ደፋ። ያኔ ወደ ዲንቄ ጎንበስ አሉ።

«እግዜር ያጥናዎት፣ እህቴ። ትልቅ ልጅ ነበር?»

ዲንቄ እጇን ከነጠላዋ ውስጥ አወጣች። መዳፏን ዘርግታ ከመሬቱ ከፍ፣ ከፍ አደረገችና በአንድ ሕፃን ቁመት ልክ አቆመችው። አላወረደችውም።