ውኃ የጠጣች ጀልባ

በቤታችን መራጯ እኔ ነኝ። ባሌ ሙሐመድሁሴን ደግ ሰው ነው፤ ለራሱ ጫማ መግዛት እንኳ ሲጨንቀው "ዑምኩልሱም ታውቃለች" ብሎ ይገላገላል። ጦርነቱ ሐይቅ ከተማ የገባ ጊዜም እንሽሽ ወይስ እንቀመጥ የሚለውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ተቀመጥን፤ አልሐምዱሊላህ፣ ተረፍን። ያኔ ልጄ ሙዓዝ መድፍ ባጓራ ቁጥር ፊቴን እያየ "እማዬ፣ እዚህ ይደርሳል?" ይለኛል፤ "አይደርስም" ስለው ይተኛል። ከዚያ ወዲህ የሰባት ዓመቱ ልጅ ከኔ ቃል በቀር የማንንም አያምንም። አባቱ "ብላ" ሲለው እንኳ መጀመሪያ ወደ እኔ ይዞራል። ምን ልዋሽ፣ ይሄ ያኮራኝ ነበር።

ጦሩ ከከተማችን ከወጣ በኋላ በመጣው የመጀመሪያ ኢድ፣ ልጆቹን ሐይቁ ላይ እናንሸራሽር ተባባልን። ዳር ላይ ያሉት ሁለት ጀልባዎች ብቻ ናቸው። አንደኛዋ የኑርዬ ናት። ኑርዬ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ጀልባዋን የገዛት ከጦርነቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። እንዳትወሰድበት ስድስት ወር ሙሉ ጓሮው ውስጥ በማሽላ አገዳ ሸፍኖ ደብቋት ከርሞ፣ ለኢድ አረንጓዴ ቀለም ቀብቶ አወጣት። ውስጧ ጠብታ ውኃ የለም፤ ምንጣፍ ተነጥፎባታል።

ሁለተኛዋ የጋሽ ኃይለ መስቀል ናት። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ ዓሣ ያጠመዱ ሰው ናቸው። የሳቸው ጀልባ ግን ታስራ እስከ ግማሿ ውኃ ሞልታለች።

"ጋሼ፣ ልጆቼን ሊያጥቡልኝ ነው ወይስ ሊያንሸራሽሩልኝ?" አልኳቸው።

ሳቁ። "ሆን ብዬ ነው የሞላኋት የኔ ልጅ። ጦሩን ፈርቼ ደረቅ ላይ አክርሜያታለሁ። እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ ካላበጠ መገጣጠሚያው አይያዝም። እስከ ዙሁር ሶላት ታገሱኝና እጨልፈዋለሁ።"

"ኧረ ሰበብ!" ብዬ ዞርኩ።

"እስኪ እንጠብቃቸው፤ ምን አስቸኮለን?" አለ ሙሐመድሁሴን።

"አንተ ደግሞ! ዓይንህ አያይም? አንዷ ደረቅ፣ አንዷ የተዘፈዘፈች!"

ኑርዬ ቀዘፈልን። መሃል እስክንደርስ ደስታችን ለጉድ ነበር፤ ትንሿ ልጄ ሱረያ እጇን ውኃው ውስጥ እየነከረች ትንጫጫለች።

"እማዬ፣ እግሬ ራሰ" አለኝ ሙዓዝ።

ምንጣፉን ገለጥ አደረግኩት። በሳንቃዎቹ መሃል ውኃ በቀጭን በቀጭኑ ይገባል። ክው አልኩ። "ተመለስ" ማለት ነበረብኝ። ግን ጋሽ ኃይለ መስቀል ዳር ቆመው ያዩናል፤ ባሌ አጠገቤ ነው፤ አፌ እምቢ አለኝ።

"ከመቅዘፊያው የተረጨ ነው" አልኩት።

"አንሰምጥም?"

"አንሰምጥም አልኩህ!"

አመነኝ። እግሩን ሰብስቦ ተቀመጠ።

ጥቂት ቆይቶ ውኃው ቁርጭምጭሚቴ ደረሰ። ኑርዬ ፊቱ አመድ መስሎ "ያረቢ፣ ምን ጉድ ነው!" እያለ በጫማው ይጨልፍ ጀመር።

"አንተ ሞኝ፣ ቅዘፍ!" ጮህኩ።

ባሌ ሱረያን ትከሻው ላይ አወጣት። ከመካከላችን ዋና የሚያውቅ የለም። ሻርፔን አውልቄ ክፍተቱ ውስጥ ጠቀጠቅኩ፤ እዚህ ስደፍን እዚያ ይገባል። ወላሂ፣ ያን ሰዓት ከመድፉ ቀን ይልቅ ፈራሁ። መድፉን ያመጣሁት እኔ አልነበርኩማ።

"ጋሽ ኃይለ መስቀል! ይድረሱልን!"

ለካ ገና ሳልጠራቸው ነበር የተነሱት። ውኃውን በባልዲ ደፍተው፣ ጨርሰው ሳያደርቁት እየቀዘፉ መጡና ጎናችን ተጠጉ።

"ልጆቹን አስቀድሚ። ቀስ ብለሽ፣ እንዳትገለብጪን።"

ሱረያን አባቷ አሻገራት። ሙዓዝን ብብቱን ይዤ ላነሳው ስል የጀልባዋን ጠርዝ አንቆ ያዘ።

"ና እንጂ ልጄ! ግባ!"

"እዚያም ውኃ አለ" አለ፣ የሽማግሌውን ጀልባ ወለል እያየ።

"ያ ሌላ ነው። አብሽር፣ ይቺ አትሰምጥም።"

ቀና ብሎ ፊቴን አየው። ውኃው ጉልበቱ ደርሷል። ከዚያ ፊቱን ከኔ አዙሮ፣

"ጋሼ፣ እውነቷን ነው?" አላቸው።

"እውነቷን ነው ልጄ።"

ይሄኔ ጠርዙን ለቀቀ።