እቶኑ ዝምታ የወደደበት ቀን

በዚያ የሸክላ ሥራ ቤት የእቶኑ በር ከተዘጋ በኋላ ትንፍሽ የሚል ሰው የለም። ኩባያው፣ ሳህኑ፣ የአበባ ማስቀመጫው ተደርድሮ ያልቃል፣ በሩ ይገጠማል፣ ሬዲዮው ይጠፋል፤ ሠራተኞቹም እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ግድግዳውን ተደግፈው ይቆማሉ። ከዚያ ዝም ነው። ዝምታውን የምትሰብረው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ሁሉም እትዬ የሚሏት የቤቱ ባለቤት። እሷ «በሉ እሳቱን» ስትል እሳቱ ይለኮሳል፣ ሰውም አፉን ያገኛል። ለምን እንዲህ እንደሚደረግ ለጠየቀ ሁሉ መልሱ አጭር ነው፤ እቶን ዝምታ ይወዳል።

ይህ መልስ ግን ለእትዬ ልጅ አልዋጥ አላት። ይህች ልጅ አፏን ስትፈታ ከ«እማዬ» በፊት «ለምን» ብላለች እየተባለ ይቀለድባታል፤ በሥራ ቤቱም የወጣላት ስም «እሜቴ ለምን» ነው። አሁን ሠላሳ ዓመት ልትደፍን ነው። እናቷ ጉልበቷ ስለደከመ ሥራውን እያስረከበቻት ሲሆን፣ ርክክቡ ደህና ሲሄድ ቆይቶ ዝምታው ላይ ሲደርስ ተንገጫገጨ። ልጅቷ ሰዓት ይዛ ለክታዋለች። አንዳንድ ቀን ሰባት ደቂቃ ነው፣ አንዳንድ ቀን ሃያ ሁለት። ለእሳቱ ተብሎ የሚደረግ ከሆነ ይህ ምን ዓይነት ልክ ነው? የተሰነጠቀውንም ዕቃ ቆጥራለች፤ ዝምታው ረዘመም አጠረ ከመቶው ስምንቱ ዘጠኙ መሰንጠቁን አልተወም።

አዲሱ የጋዝ እቶን የመጣ ጊዜ ነገሩ ፈነዳ። እቶኑ የብረት ነው፤ ሙቀቱን በቁጥር ያሳያል፣ በሩም እንደ ድሮው በጡብና በጭቃ ሳይደፈን በአንድ እጀታ ጠርቀም ይላል።

«እማዬ፣ ይሄኛው እኮ ጆሮ የለውም» አለች ልጅቷ።

«አሮጌውስ ነበረው?»

«እሱን እኮ ነው የምጠይቅሽ!»

«አንዳንድ ነገር ይደረጋል እንጂ አይጠየቅም።»

ልጅቷን ንዴት ያዛት። «እሺ። ሐሙስ አዲሱ ይለኮሳል። እስከዚያ ምክንያቱን የሚነግረኝ አንድ ሰው ከተገኘ ዝምታው ይቀጥላል። ካልተገኘ ይቅር።»

እናቷ እጇን ከጭቃው ውስጥ አወጣች። «ዝምታው ከወጣ እኔም አብሬው እወጣለሁ። እሳት አመድ ወለደ ማለት ይሄ ነው!» ብላ ጀርባዋን ሰጥታት ወደ መታጠቢያው ሄደች።

እትዬ ለአፏ ያህል የምትዝት ሴት አይደለችም፤ እወጣለሁ ካለች ትወጣለች። ልጅቷ ይህን ስለምታውቅ ፈራች። ያለ እናቷ ያ ቤት ምኑ ቤት ይሆናል? ነገር ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና መጠየቅ ጀመረች።

መጀመሪያ የያዘችው ጭቃ ረጋጩን ነው። እሱ ነገሩ ሳይንስ ነው አላት። የሰው ድምፅ አየሩን ያርገበግበዋል፣ አየሩ ደግሞ ኩባያውን። «ታዲያ እዚህ በር ላይ የጭነት መኪና ሲያልፍስ?» ብትለው «መኪና ወሬ አያወራማ» አለና መርገጡን ቀጠለ። ቀለም ቀቢዋ በበኩሏ የዓይን ነገር ነው አለች፤ በሩ ከተዘጋ በኋላ አንድ አፍ ያደነቀው ዕቃ ተሰንጥቆ ይወጣል። እሷማ ለጥንቃቄ አውራ ጣቷንም ጨብጣ ነው የምትቆመው።

«መጨበጡን ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። አንድ ቀን ሳላስበው ጨብጬ ነበር፤ የዚያን ቀን ሁሉም ደህና ወጣ።»

ከዚያ ወዲህ ሁለት አዳዲስ ሠራተኛ ሴቶችም ይጨብጣሉ። ጭቃ ረጋጩ ይስቅባቸዋል፤ እነሱ ደግሞ እሱን ልበ ደንዳና ይሉታል። ሹፌሩ ዘንድ ስትሄድ እሳት ክብር ይፈልጋል፣ ትልቅ ሰው ሲገባ ዝም እንደሚባለው ነው አላት። ልጅቷ ንዴቷን ረስታ በነገሩ ተመሰጠች። በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ዝምታ ላይ፣ ሦስት ሃይማኖት! የሚያደርጉት አንድ ነው፤ የሚሰጡት ምክንያት ግን አንዱ ከአንዱ አይገጥምም። አንዳቸውም ደግሞ ምክንያቱን ሰምተው ዝም ያሉ አይደሉም። መጀመሪያ ዝም አሉ፣ ምክንያቱ ኋላ መጣ።

የቀረው ደርዳሪው ነበር። እቶን ውስጥ ዕቃ የሚደረድረው ይህ ሰው ከእትዬ ቀጥሎ በቤቱ የቆየ ነው፤ ወሬ ከጀመረ ደግሞ የሚያቆመው የለም። ስለ ዝምታው ስትጠይቀው ግን ያ ሁሉ ወሬ የት እንደገባ እንጃ። «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» አለና ጎንበስ ብሎ ያልጠፋ ዕቃ መፈለግ ጀመረ። ቆይቶ፣ ቀና ሳይል፣ «አባ ጭሱን ጠይቂ» አላት።

አባ ጭሱ የድሮው እሳት ጠባቂ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሴት ልጃቸው ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ረቡዕ ከሰዓት ስትሄድ ጠባቧ በረንዳ ላይ፣ በተሰጣ ልብስ መሀል ተቀምጠው አገኘቻቸው። ጥያቄዋን ጨርሰው ከሰሙ በኋላ የተሰጣውን ልብስ ገለጥ አድርገው ፊቷን አዩት።

«ከአንቺ በፊት ወንድም እንደነበረሽ ታውቂያለሽ?»

ታውቃለች፤ በጨረፍታ። ስምንት ቀን ብቻ እንደኖረ፣ ስም እንኳ እንዳልወጣለት፣ ቤት ውስጥ ስለ እሱ እንደማይወራ።

«እናትሽ እሱን ቀብራ በሁለተኛው ሳምንት ሥራ ገባች» አሉ አባ ጭሱ። «ምን እንበላት? እግዜር ያጽናሽ ብለናታል፣ እሱ አልቋል። ብናወራ ነውር፣ ብንስቅ ነውር፣ ብናለቅስ ደግሞ የሷን መቀስቀስ። ዕቃውን ደርድረን በሩን ስንዘጋ ሬዲዮው ይለፈልፋል። እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ፈዛለች። ደርዳሪው፣ ያኔ ጎረምሳ ነው፣ ሄዶ ሬዲዮውን ዘጋው። ከዚያ ሁላችንም ቀጥ አልን። እሷ ሳትናገር ማንም አይናገር ብሎ ያዘዘ የለም። ስንት እንደቆምን አላውቅም። በመጨረሻ ‹በሉ እሳቱን› አለች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወደኔ ዞራ ‹ምን ሆናችሁ ነው ዝም ያላችሁት?› አትለኝም! አዝነንልሽ ነው ብላት እዚያው ትወድቃለች። አፌ ላይ የመጣልኝን ‹እቶን ዝምታ ይወዳል› አልኳት። በሦስተኛው ቀን ሲከፈት አንድ ዕቃ አልተሰነጠቀም። አንድም! በሚቀጥለው ጊዜ ‹ዝም በሉ› ያለችው ራሷ ናት።»

«ከዚያ ወዲህ ግን ተሰንጥቋል።»

«ኧረ ስንቱ! በተሰነጠቀ ቀን አንድ ሰው አስሎ ነበር ይባላላ።» አባ ጭሱ ሳቁ።

«ታዲያ ውሸት ነው።»

«ውሸት ነው። የዋሸሁትም እኔ ነኝ።» ሳቃቸው ቀስ እያለ ጠፋ። «ግን ምን ሆነ መሰለሽ፤ ከዓመታት በኋላ አንድ አዲስ ሠራተኛ በሩ ተዘግቶ ሳለ ቢያፏጭ በጥፊ ላጮለው ምንም አልቀረኝ። ልቤ ድንግጥ ነው ያለው። በራሴ ውሸት! ሥርዓቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። እምነቱን ግን እኔ አልሠራሁትም፤ እሱ ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አላውቅም።»

ልትወጣ ስትል እጇን ያዙ። «ለእናትሽ እንዳትነግሪ። ሠላሳ ዓመት ሲታዘንላት እንደኖረች ብትሰማ ትሰበራለች። አደራ!»

አደራውን ተቀብላ ወጣች።

ሐሙስ ጠዋት ሠራተኞቹ አዲሱን እቶን ከበው ጆሯቸውን አቁመዋል። ልጅቷ «ዝምታው ይቀጥላል» አለች።

«ምክንያቱ ተገኘ?» አለ ጭቃ ረጋጩ።

«ተገኝቷል። ግን ሆድ ይፍጀው።»

ጭቃ ረጋጩ ደስ አለው፤ ቀለም ቀቢዋም ደስ አላት፤ እያንዳንዱ የተረጋገጠው የራሱ ምክንያት መሰለው። እትዬ ብቻ ልጇን ትክ ብላ አየቻት። በሩ ጠርቀም አለ፣ ሬዲዮው ጠፋ። ልጅቷ በዚያን ቀን ሰዓቷን አላየችም። ያየችው እናቷን ነው፤ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ድምፅ እንደማያወጣ፣ ዓይኗም ከእቶኑ ይልቅ አንድ ክንድ ያህል ከፊቷ ያለ ነገር ላይ እንዳረፈ ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ አለች። «በሉ እሳቱን» እስኪባል ድረስ ብዙ ቆየ። ከዚያ አንዱ ከጋዙ መክፈቻ «ከፈትኩ!» አለ፣ ሌላው ከበሩ «ተለኮሰ!» አለ፣ ሰዉም እልል እያለ ወሬውን ቀጠለ።

እናቷ ክንዷን ይዛ ከመደርደሪያዎቹ ጀርባ ወሰደቻት።

«አባ ጭሱ ጋ ሄደሽ ነበር አሉ። ያሉሽን አትንገሪኝ፤ በፊት እኔ የምነግርሽ አለ።» እትዬ ባዶ ሣጥን ላይ ተቀመጠች። «ያን ቀን የተቆጣሁሽ ለእሳቱ ብዬ አይደለም። ሌላው ሰው ሁሉ ለእሳቱ ዝም ይላል፤ እኔ ለእሳቱ ዝም ብዬ አላውቅም። በሩ ሲዘጋ ወንድምሽ ይመጣብኛል። ጣቶቹ፣ ያ ትንሽ አገጩ። ቤት ብጠብቀው አይመጣም፣ መቃብሩ ላይ ብቀመጥ አይመጣም። እዚህ ብቻ። እስክጠግበው እቆይና ነው ‹በሉ እሳቱን› የምለው። ዝምታው ከወጣ የት አገኘዋለሁ ብዬ ነው የጮህኩብሽ።»

«እማዬ…»

«ቆይ ልጨርስ። ሰው ሁሉ ለሥራው ብሎ ቆሞ እኔ ለራሴ ልጅ አዋልኩት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከእቶኑ ስሰርቅ ኖርኩ። ዕቃ በተሰነጠቀ ቁጥር በኔ ኃጢአት ነው እያልኩ።»

አደራ መብላት ነውር እንደሆነ ልጅቷ ታውቃለች። አባ ጭሱ የፈሩትን እሷም ፈርታለች። እናቷ ግን አንገቷን ደፍታ የተጨማደደ እጇን እያሻሸች ፍርድ ትጠብቃለች፤ ያንን ማየት አልቻለችም።

«አልሰረቅሽም፣ እማዬ። ለእሳቱ ሆኖ አያውቅም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ላንቺ ነው። ላንቺና ለሱ።»

አባ ጭሱ የነገሯትን አንድም ሳታስቀር ነገረቻት። እናቷ አፏን ከፍታ ሰማች።

«አባ ጭሱ ናቸው እንዲህ ያሉሽ?»

«እሳቸው ናቸው።»

«ያ ለፍላፊ ደርዳሪስ?»

«ሬዲዮውን የዘጋው እሱ ነው።»

«ያ ለፍላፊ!» አለች እትዬ። ሳቅ ነበር የጀመራት፤ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነባት። በዚያ ቤት ስታለቅስ ተሰምታ አታውቅም፤ አሁን ግን ድምፅ አውጥታ፣ ሣጥኑ እስኪንቀጠቀጥ አለቀሰች። ልጇ ሣጥኑ አጠገብ ተንበርክካ እናቷን አቀፈቻት።

ከመደርደሪያው ወዲያ ጭቃ ረጋጩ የጀመረውን ቀልድ አንጠልጥሎ ተወው። ቀለም ቀቢዋም አቆመች፣ ሹፌሩም። አዲሱ እቶን ብቻ ያጉረመርማል። ዝም በሉ ያላቸው ማንም አልነበረም፤ እትዬ እስክትናገር ድረስም ማንም አልተናገረም።