ሲ ሲሞላ

እና ማንንም አልጠብቅም፣ ዛሬ ነው፣ አሁን፣ መብራት እያለ፣ ደንበኛ ሳይበዛ፣ የሱቁን በር ግማሹን መለስ አድርጌ ሲፒዩውን ከጠረጴዛው ስር እየጎተትኩ አወጣለሁ፣ ያ ረቢ እንዴት ይከብዳል፣ ስምንት ዓመት አብሬው ሠርቼ አንድ ቀን አንስቼው አላውቅም፣ አትንኪው ይለኝ ነበር ሀቢቡ፣ እሱን ለእኔ ተዪው፣ አንቺ ፎቶውን ቁረጪ፣ ቆረጥኩ፣ ስምንት ዓመት ፎቶ ቆረጥኩ፣ ሦስት በአራት፣ ጀርባው ነጭ፣ ጆሮ የሚታይ፣ የቡታጅራን ሰው ግማሹን በጆሮው አውቀዋለሁ፣ አሁን ሀቢቡ፣ ባሌ፣ እዚያ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያየኛል፣ ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ተጋድሟል፣ ሰው ረስቶት የሄደ ዕቃ ይመስላል።

ይየኝ።

ሰባት ወር። የግራው የአንጎል ክፍል ለተወሰነ ጊዜ ደም ሳያገኝ ቆይቷል፣ በዚህም ምክንያት በቀኝ እጅና በንግግር ላይ ጉዳት ደርሷል፣ የሚነገረውን ይረዳል፣ ምላሽ መስጠት ግን ያስቸግረዋል፣ ሐኪሙ እንዲህ ነው ያለኝ፣ ዜና እንደሚያነብ ሰው፣ እኔም እሺ ዶክተር ብዬ ወጣሁ፣ ኮሪደሩ ላይ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ ፈለግኩ፣ ለካ ማሰሪያ የለውም፣ ነጠላ ጫማ ነው ያደረግኩት። ከዚያ ሁሉ ወሬው፣ ከዚያ ሁሉ ቀልዱ፣ ፈገግ በሉ ሳይል ሙሽሮችን የሚያስቅ ሰው፣ አንድ ቃል ተረፈችው። እሺ። ውሃ ሲጠማው እሺ፣ ሲናደድ እሺ፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲገቡ እሺ፣ የእሱን እሺ ከድምፁና ከዓይኑ እየለየሁ መተርጎም ተምሬያለሁ፣ ብዙውን ጊዜ አገኘዋለሁ፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

ኬብሉን ከግድግዳው ነቀልኩ። ብሎን፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስተኛው እምቢ አለ፣ ካቻቢቴው ይንሸራተታል፣ ጫን አድርጌ፣ ወጣ፣ አራተኛውም ወጣ፣ ሻይ ብርጭቆ ውስጥ ጣልኳቸው፣ ጎኑን ከፈትኩት፣ ኡፍ፣ አቧራው የብርድ ልብስ ያህላል፣ እሱም ለካ ሁልጊዜ አያራግፍም ነበር፣ አየህ ሀቢቡ፣ አየህ ጉድህን፣ ዓይኑ ትንሽ ሳቅ አለ፣ ወይስ መሰለኝ።

ችግሩ ሲ ነው። ዊንዶውሱም የቅንብር ፕሮግራሙም የተጫነባት ትንሿ ዲስክ፣ መቶ ሃያ ጊጋ፣ ሞልታ ሞልታ ቀይ ሆናለች፣ የሚጠፋውን ሁሉ አጠፋሁ፣ ከዚህ በኋላ የማጠፋው የለኝም፣ የናዝራዊትን የሠርግ ቪዲዮ አዘጋጅቼ ሦስት ጊዜ ላወጣው ሞከርኩ፣ ሦስቴም ሰማንያ ፐርሰንት ላይ ቦታ የለም ብሎ ተዘጋ፣ ደግሞ የማን ሠርግ፣ የመምህርት ሰገነት ልጅ፣ ጠዋት መጥተው ነበር፣ በራፉ ላይ ቆመው እንደምን አደርሽ ከድጄ፣ ሀቢቡ ይሻለዋል ወይ፣ ሀቢቡ እኮ ፊታቸው ተቀምጧል፣ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው፣ በጭንቅላቱ ላይ አሻግሮ ያወራል፣ ደህና ነው እትዬ፣ እግዜር ይማረው፣ ልጄ ቪዲዮው እንዴት ሆነ፣ ጥያ ያሉት እናቴ ከአልጋ መነሳት አቅቷቸው የልጅ ልጃቸውን ሠርግ አላዩም፣ እሁድ ይዘንላቸው እንሄዳለን ብለናቸው በየቀኑ እየደወሉ እሁድ መች ነው ይላሉ፣ እንግዲህ ካልቻልሽ በጊዜ ንገሪኝ፣ ጥሬውን ቀረጻ ይዤ ሌላ ጋ ልሂድ። እችላለሁ እትዬ። አፌ ነው ያለው። ዛሬ ሐሙስ ነው።

አዲሱ ዲስክ መሳቢያ ውስጥ ነበር፣ ከነላስቲኩ፣ ራሱ ሀቢቡ ነው ገዝቶ ያመጣው፣ አንድ ቴራ፣ ቅዳሜ እቀይረዋለሁ ሲል ምሳ እየበላን ነው፣ ሲን እንዳለች ገልብጬ፣ ዊንዶውስ እንደገና ሳልጭን፣ አንዲት ፋይል ሳትጎድል፣ ከድጄ ትሰሚኛለሽ ወይ፣ እየሰማሁ ነው እለዋለሁ፣ ግማሹን እንኳን አልሰማሁም፣ የትንሿን ልጃችንን ሹራብ አስባለሁ፣ ዓርብ ከጁምዓ መልስ ደጃፋችን ላይ ወደቀ። ቅዳሜ አልመጣም። ሰባት ወር ያ ቅዳሜ አልመጣም፣ ዛሬ እኔ አመጣዋለሁ።

ስልክ። ሙሀመድሰይድ፣ የሀቢቡ ታላቅ ወንድም፣ ከአዲስ አበባ፣ ላንሳው አላንሳው፣ ካላነሳሁት ሀቢቡ የባሰበት ይመስለዋል፣ አሰላሙ አለይኩም ጋሼ፣ ወአለይኩሙሰላም፣ እንዴት ናችሁ፣ ምን እየሠራሽ ነው፣ ኮምፒውተሩን ከፍቼ፣ ምን አልሽ፣ ዲስክ ልቀይር ነው ጋሼ፣ ኧረ አንቺ ልጅ አላህን ፍሪ፣ የሰው ሠርግ ሁሉ እዚያ ውስጥ አይደለም እንዴ፣ አትነካኪው፣ ባለሙያ እልካለሁ፣ መቼ፣ እስኪ እናያለን፣ ደግሞ ከድጄ እውነቱን እንነጋገር፣ የዚያ ሱቅ ጭንቅላቱ ሀቢቡ ነበር፣ ነበር አለ፣ ነበር፣ ሞባይል የሚሸጥ ሰው አግኝቻለሁ፣ ቤቱን ይከራየን፣ እናንተም ቤታችሁ ዕረፉ። ድምፁ ክፉ አይደለም፣ እሱ ነው የሚከፋው፣ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር፣ ስፒከር ላይ ነው ስልኩ፣ እጄ አቧራ ስለሆነ፣ ሀቢቡ ሁሉንም ሰምቷል፣ ነበር የምትለዋንም፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጋሼ እሁድ እደውላለሁ፣ አሁን ሥራ ይዣለሁ፣ ዘጋሁት፣ በእሱ ላይ ስልክ ዘግቼ አላውቅም።

ሥራ ይዣለሁ። ቤት ብንገባ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፣ አልጋውና ግድግዳው፣ ግድግዳውና አልጋው፣ እዚህ ቢያንስ መንገዱን ያያል፣ ባጃጁን፣ ከመስቃን ገጠር በርበሬ ጭኖ የሚመጣውን፣ ሰላም የሚለውን፣ አልዘጋም፣ ወላሂ አልዘጋም።

ዲስክ አቀያየር የሚያስተምረውን ቪዲዮ ስልኬ ላይ ከምሳ በኋላ ለሦስት ቀን አይቼዋለሁ፣ ብረቱን ንኪ፣ ገላሽ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ይውጣ፣ ነካሁ፣ ጠፍጣፋውን ኬብል አዲሱ ዲስክ ላይ፣ ሰፊውን የመብራት፣ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚገባው፣ ገባ፣ ሌላኛውን ጫፍ ማዘርቦርዱ ላይ ባዶ ያገኘሁት ቀዳዳ ውስጥ፣ ገባ፣ ግድግዳው ላይ ሰካሁ፣ በራ። በራ! መገልበጫው ፕሮግራም ተከፈተ፣ ከየት ይላል፣ ከሲ፣ መቶ ሃያዋ፣ ቀላል ነው፣ ወደ የት ይላል፣ እዚህ ጋ ሁለት ስም ወጣ፣ ዲስክ አንድ፣ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አንድ ጊጋ፣ አንድ ቴራን እንዲህ ነው የሚቆጥረው፣ ዲስክ ሁለት፣ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አንድ፣ ቁጥሩ አንድ ዓይነት፣ ፋብሪካውም አንድ ዓይነት፣ ግን የመጨረሻ የሰካሁት አዲሱ ነው አይደል፣ ስለዚህ የመጨረሻው እሱ ነው፣ ዲስክ ሁለት፣ መረጥኩ። ማስጠንቀቂያ መጣ፣ በመድረሻው ዲስክ ላይ ያለ መረጃ በሙሉ ይጠፋል፣ ይቀጥሉ፣ አይቀጥሉ፣ ይጥፋ ምን አለበት፣ ባዶ ዲስክ ምን ይጠፋዋል።

እሺ፣ አለ ሀቢቡ ከኋላዬ።

እሺ አለ፣ ጥሩ፣ እሱም ተስማማ፣ እሺ እሺ፣ ገባኝ ሀቢቡ ልጫነው ነው፣ እሺ እሺ እሺ፣ ቆይ እንጂ አትቸኩል፣ ጣቴ ማውሱ ላይ ነው፣ ቀስቱ ይቀጥሉ የሚለው ላይ ነው፣ ጓ! ጠረጴዛው ዘለለ፣ መቀሱ ወደቀ፣ የብሎኖቹ ብርጭቆ ተገለበጠ፣ በግራ እጁ ጠረጴዛውን መታው፣ ዞርኩና ምን አልኩት፣ ምን ሆንክ፣ ሽንት ነው? አልኩት፣ ለሀቢቡ፣ ልክ ለሕፃን እንደሚባለው፣ እኔም እንደ ሰዉ በጭንቅላቱ ላይ አሻገርኩ። ዓይኑ ቀልቷል፣ ዕንባ አለበት፣ የለቅሶ አይደለም፣ የንዴት ነው፣ እሺ ይላል እሺ ማለቱ አይደለም፣ በሕይወቱ እንዲህ አጥብቆ እምቢ ብሎ አያውቅም፣ ግራ እጁን ዘረጋ፣ ወደ ሲፒዩው፣ ወደ ታች፣ ዝቅ ብዬ አየሁ፣ ከታች ያለው ዲስክ፣ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎበታል፣ የራሱ እጅ ጽሑፍ፣ ሠርግ።

ሠርግ። የስምንት ዓመቱ። የተቀረጸው ሁሉ የሚቀመጥበት፣ የናዝራዊትም ጥሬው። እሱም አንድ ቴራ ነው፣ እሱም ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አንድ፣ ቁጥሩ ለካ የሚወጣው በተሰካበት ቀዳዳ ተራ ነው፣ ዲስክ ሁለት ማለት እሱ ነው፣ አንድ ጠቅታ ቀርቶኝ ነበር፣ የከተማው ሰው ሁሉ፣ አሁን የሞቱት ሁሉ ሲጨፍሩ፣ የራሴ አባት ሙሽራ ሲመርቅ፣ አንድ ጠቅታ። እጄን ከማውሱ አነሳሁ፣ ትኩስ ብረት የነካ ሰው እንደሚያነሳ፣ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፣ እዚያው ከብሎኖቹ መሀል። አፉ በለኝ ሀቢቡ። ላቡን በክንዱ ጠረገ።

ተዪው ከድጄ፣ አልኩ ለራሴ። ሰገነትን ጥሪና ጥሬውን ስጪ። ለሙሀመድሰይድ ደውዪና ልክ ነህ ጋሼ በዪው።

አይ።

ቆይ፣ ተረጋጊ፣ አስቢ፣ ስህተቱ ምንድነው፣ ሁለት ተመሳሳይ ነገር ፊቴ መኖሩ ነው፣ ታዲያ አንዱን ከፊቴ ላንሳ፣ ሌላ ምን አለ፣ ኮምፒውተሩን አጠፋሁ፣ ገመዱን ነቀልኩ፣ ከሠርጉ ዲስክ ኬብሉን ሁለቱንም ሳብኩ፣ ጭራሽ ከሲፒዩው አወጣሁትና እንካ ያዘው አልኩት፣ በግራ እጁ ተቀበለኝ፣ ደረቱ ላይ ለጠፈው፣ አሁን መሳሳት ብፈልግ እንኳን አልችልም። አበራሁ። ከየት፣ መቶ ሃያዋ፣ ወደ የት፣ አንድ ስም ብቻ፣ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አንድ፣ ግን አልጫንኩም፣ ወደ እሱ ዞርኩ፣ ሀቢቡ ይሄ ነው? አየው፣ ስክሪኑን አየው፣ ሲፒዩውን አየው፣ እጁ ላይ ያለውን አየው፣ ጊዜ ወሰደ፣ እኔም ጠበቅኩ፣ በሰባት ወር ውስጥ መልሱን ሳልቀድመው ስጠብቀው የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም፣ ራሱን ነቀነቀ። ቢስሚላህ። ቀሪው ቦታ ለሲ ይሰጥ የሚለውን ሳጥን ምልክት አደረግኩ፣ ይቀጥሉ፣ ጠቅ።

አንድ ፐርሰንት። ሁለት። መብራት አትጥፊ፣ ብትጠፊም እንደገና እጀምራለሁ፣ አሮጌዋ አትነካም፣ ከእሷ ማንበብ ብቻ ነው፣ አሥራ አራት ፐርሰንት፣ ብሎኖቹን ከመሬት ለቀምኩ፣ አንዷ ጠፋች፣ ሠላሳ ዘጠኝ፣ ሀቢቡ ዲስኩን አቅፎ ስክሪኑ ላይ ፈጧል፣ በሱቁ ፊት ባጃጆች ይጯጯሃሉ፣ አንዱ ለአንዱ ፍሬንድ መንገዱን ለቀቅ አርገው እንጂ ይላል፣ ስልሳ አንድ፣ ሰማንያ ላይ ትንፋሼን ያዝኩ፣ ያቺ ሰማንያ ጠላቴ ናት፣ አለፋት፣ ሰማንያ አንድ፣ ዘጠና፣ መቶ።

አጠፋሁ። ትንሿን አወጣሁ፣ አዲሱን በእሷ ቦታ፣ በእሷው ኬብል፣ አበራሁ፣ ጥቁር ስክሪን፣ ነጭ ጽሑፍ፣ የሚነሳበት ዲስክ አልተገኘም። አልደነግጥም። ደነገጥኩ፣ ግን እጄ አልደነገጠም፣ ወደ ውስጥ ገባና ኬብሉን ነካ፣ ይወዛወዛል፣ አልገባም ለካ፣ ገፋሁት፣ ጠቅ አለ፣ እንደገና አበራሁ፣ ጥቁር፣ ጥቁር፣ ከዚያ ሰማያዊው መስኮት፣ ከዚያ ትንንሾቹ ነጠብጣቦች እየተሽከረከሩ፣ ከዚያ የልጆቻችን ፎቶ፣ ሁሉም በየቦታው፣ አንዲት ፋይል ሳትጎድል፣ ሲ ሰማያዊ ሆናለች፣ ስምንት መቶ ጊጋ ባዶ፣ ባዶ ሜዳ፣ አልሀምዱሊላህ፣ አልሀምዱሊላህ፣ ሀቢቡ አየህ፣ አየሃት። የሠርጉን ዲስክ ከደረቱ ላይ ተቀበልኩ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ወደ ቦታው መለስኩት፣ በሦስት ብሎን ዘጋሁት፣ አራተኛዋ ትፈለጋለች።

አሁን ሠርጉ። ፕሮግራሙ ተከፈተ፣ ናዝራዊት ኬክ ልትቆርስ ነው፣ በሀቢቡ ፈንታ የቀጠርኩት የወልቂጤው ካሜራማን ግን የሰው ጫማ ይቀርጻል፣ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ጫማ፣ የት ላይ እንደምቆርጠው ግራ ገብቶኝ ትቼው ነበር፣ ሀቢቡ ወንበሩን በእግሩ እየገፋ ተጠጋኝ፣ ግራ እጁ ተዘረጋ፣ በኪቦርዱ ላይ አለፈ፣ ማውሱ ጋ ሊደርስ፣ ማውሱ በስተቀኝ ነው፣ አልደረሰም፣ ተመለሰ፣ እንደገና ተዘረጋ።

ማውሱ በስተቀኝ ነው። ሰባት ወር ሙሉ በስተቀኝ። ወይ እኔ፣ ማንሳት ብቻ ነበር እኮ፣ አንስቶ ወዲህ ማድረግ፣ ማንም አላሰበውም፣ እኔም።

አነሳሁት። ገመዱን ከኋላ ነቅዬ በፊት በኩል ሰካሁ፣ በግራው አስቀመጥኩለት፣ ከወንበሬ ተነሳሁ፣ ና እዚህ ተቀመጥ፣ ተቀመጠ። ቀስቱ በስክሪኑ ላይ ይንገዳገዳል፣ ያልፈዋል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ያልፈዋል፣ እጄ ሊረዳው ሄደ፣ መለስኩት፣ ዝም በዪ ከድጄ፣ ቁሚ፣ ቀስቱ ጫማዎቹ የሚጀምሩበት ላይ ቆመ፣ ጠቅ፣ ተቆረጠ፣ የሚያበቁበት ላይ፣ ጠቅ፣ ጫማዎቹ ጠፉ፣ የናዝራዊት እጅና የእናቷ ፊት ተጋጠሙ፣ እናትየው ልታለቅስ ስትል፣ ልክ እዚያ ላይ፣ እኔ በአንድ ወር አላገኘሁትም፣ ሀቢቡ ወላሂ ጎበዝ ነህ እላለሁ፣ ውሃ ላምጣልህ እላለሁ፣ በሩን ልክፈተው እላለሁ፣ አይሰማኝም፣ ወደሚቀጥለው አልፏል፣ ሥራ ላይ ነው።